ያቃጠልኩት ስም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ታይዋን በምንለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በጦርነቱ ጊዜ ከሠራሁት አንድ ዘገባ ጋር ስለተያያዘ ነው። «አልጠፋም» ስል ግን በጥንቃቄ ውሰዱልኝ፤ ትዝታዬን ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ያኔ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበርኩ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ያገኘኋት ሴት፣ ታጣቂዎች ጎረቤቶቿን አውጥተው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲገድሏቸው ማየቷን ነገረችኝ። ገዳዮቹ ገና ከአካባቢው አልወጡም ነበር።

«ስሜ ከወጣ አልተርፍም» አለችኝ።

እንደ አሠራሬ በዚያው ምሽት ሌላ ስም አወጣሁላትና እውነተኛው የተጻፈበትን ገጽ አቃጠልኩ። በዘገባው ላይ «የሺ» አልኳት።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ሸሚዝ ልገዛ ታይዋን ገባሁ። ሻጯ ሸሚዙን እንደያዘች ፊቴን እያየች ፈዝዛ ቀረች። እኔ አላወቅኋትም። ከጎኗ ያለው ነጋዴ ሳቀባት፦

«አቦ የሺ! ሰውዬውን በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ! ይልቅ ሜትሩን ወዲህ በይ!»

ዘገባውን ስጽፍ ስሞቹን አቀያይሬ ቢሆንስ? ያወጣሁት እውነተኛውን ቢሆንስ? እሷ ብትተርፍ እንኳ፣ በእኔ ስህተት ማን ሞቶባት ይሆን?

«ጋዜጠኛው አይደለህም?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መካድ አማረኝ። ግን አልቻልኩም።

«ስምሽን አውጥቼብሽ ነበር?» አልኳት።

ሸሚዙን ማጠፍ ጀመረች። «አይ ወንድሜ። የሺ ያልከኝ አንተው ነህ፤ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ሸሽቼ እዚህ ስደርስ ስም ሲጠይቁኝ፣ ከፍርሃቴ የተነሣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። በዚያው ቀረሁ።»

«ዋናው ስምሽስ?»

ነጋዴውን በጎን አየችው።

«እሱንማ አንተ ታውቀው የለ? አደራህን፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ።»

አላውቀውም። የደቻቱን ወንዝ ስሻገር ድልድዩ ላይ ቆሜ የማውቃቸውን የሴት ስሞች ሁሉ በልቤ ጠራሁ። አንዱም አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ታይዋን ሄጄ አላውቅም። እውነቷን ነግራኝ ይሆናል፤ ድንጋጤዬን አይታ አዝናልኝ ዋሽታኝም ይሆናል። መንገድ ላይ ሰው አንዲትን ሴት በስሟ ሲጠራ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ፤ አደራ የተሰጠኝ ስም ያ ቢሆን እንኳ አልለየውም።