የራህማ ሻይ ቤት ቀይ ላይ ነው

በወሎዋ ሐይቅ ከተማ ኢስሃቅን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ኢስሃቅ ራሱ ፈልጎ ይተዋወቀዋል። ሥራው በበቅሎ ጭነት ማመላለስ ነበር። መስከረም ሲጠባ የግሸን ማርያም ተሳላሚዎችን ስንቅ ከአውቶቡስ ተቀብሎ አቀበቱን ያወጣል፤ በሌላው ወር እህል፣ ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ሲብስም የታመመ ሰው ይጭናል። ከተሳላሚ ጋር ብዙ ዘመን ከመውጣቱ የተነሳ መዝሙሩን በቃሉ ይዞታል። መሀል መንገድ ላይ ወገቧን ይዛ የቆመች ሴት ካየ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ማርያም በር ላይ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው፣ አታስቁሚያት እንጂ!» ይላታል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ተሳላሚዎቹ በተራቸው በቅሎዋን ይይዙለታል።

የበቅሎዋ ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አብዮቱ በሞቀ ሰሞን ኢስሃቅ «ጓዲት» ብሎ ስም አወጣላት። በገበያ መሀል «ጓዲት ሆይ፣ ወደፊት!» ሲል ሰው በሳቅ ይፈርሳል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ከበደ አስጠሩትና «በቅሎ ጓድ አትባልም!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። «ይቅርታ፣ ከፍ አድርጌያት ነው» አለና ስሟን «እመቤት» አደረገው። ሳምንት ሳይሞላ ዳግመኛ ተጠራ፤ ለካ እመቤት የፊውዳል ስም ኖሯል።

«ታዲያ ምን ልበላት ጓድ?»

«በቅሎ በላት!»

ከዚያ ወዲህ ስሟ በቅሎ ሆነ። እሱ ሲወጣ ጓድ ከበደ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ሲስቁ የቀበሌው ጥበቃ ሰምቷል፤ የጥበቃው ሚስት ለእናቴ ነግራታለች፤ እናቴ ለማን እንዳልነገረች መቁጠር ይቀላል።

ይህን ሁሉ ሰው የሚያስቅ ኢስሃቅ አንድ ነገር አቅቶት ነበር። ራህማን ማግባት።

ራህማ ባሏ ከሞተባት በኋላ ከከተማው ወደ ውጫሌ መውጫ፣ የአምባሰል ተራራ እግር የሚጀምርበት ጭንጫ ላይ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት ናት። ጭቃውን ራሷ ረግጣ፣ ግድግዳውን ራሷ መርጋ ነው የሠራችው። ወልዲያ የሚሄድ ሾፌር ሁሉ እሷ ዘንድ ሳይቆም አያልፍም። ኢስሃቅን አትጠላውም፤ እንዲያውም ሲመጣ ስኳሩን ጨመር እንደምታደርግለት ያላየ የለም። ነገር ግን ሽማግሌ በላከ ቁጥር መልሷ ያው ነበር፦ «ሰውየውስ እሺ፤ ቤቴን ጥዬ ግን አልሄድም።» ኢስሃቅም የራሱ ኩራት አለው። ሐይቁ ዳር ከአባቱ የወረሰው የድንጋይ ቤት አለው። «ወንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ይገባል እንዴ? ሙሽራ የሚሆነው እኔ ልሁን?» ይላል። እሷ ተራራ ሥር፣ እሱ ሐይቅ ዳር፣ በመሀላቸው ሰኞ ሐሙስ የሚመላለሱ ሽማግሌዎች።

ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. መሬት ነቅነቅ ያለችው። ከብርጭቆና ከጥቂት አጥር በቀር የተጎዳ የለም፤ ሽማግሌዎች ግን በሃምሳ ሦስት ካራቆሬ ላይ የደረሰውን ከባድ መንቀጥቀጥ እያነሱ ወጣቱን አስደነገጡት። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ፈንታሁን የሚባል ቀጭን የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ መጣ። ይዞት የመጣው ኮምፒዩተር በሳጥኑ የተዘጋ የስፌት መኪና ይመስላል፤ ሲከፈት መዳፍ የምታህል አረንጓዴ መስታወት ብቅ ትላለች። ኢስሃቅና በቅሎ መሣሪያውን ተራራ ለተራራ ሊያመላልሱ ተቀጠሩ። ኢስሃቅ የኮምፒዩተሩን አንድ ቁልፍ እንኳ ነክቶ አያውቅም፤ በገበያ ቀን ግን «ኮምፒዩተራችን» ማለት ጀመረ።

ፈንታሁን በቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡን ሰብስቦ አስረዳ። በውስጡ ፕሮግራም የሚባል አለ፤ ከዚህ ቀደም መሬት የተንቀጠቀጠችበትን ቦታና ተራራው ሥር ያለውን ስንጥቅ ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ ወደፊት መንቀጥቀጥ ቢመጣ የቱ ሰፈር የበለጠ እንደሚናወጥ አስልቶ ያወጣል። ማተሚያው እንደ ክራር ክር እየጮኸ ወረቀት ተፋ፤ ፈንታሁን በቀለም እርሳስ ቀባው። ስንጥቁ አጠገብ ያለው ቀይ፣ ራቅ ያለው ቢጫ።

ኢስሃቅ አንገቱን አስግጎ አየ። የራህማ ሻይ ቤት ቀይ ላይ ነው። የእሱ ቤት ቢጫ ላይ ነው።

ፈንታሁን ቀጥሎ «ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ገና ይሻሻላል፤ ማንም በዚህ ቤቱን እንዳይለቅ» ብሏል። ይህን አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል፤ ኢስሃቅ ብቻ ሲቀር። እሱ በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹን ሼህ ኑርዬንና ጋሽ አሻግሬን በእጅጌያቸው ይዞ ወደ በሩ እየጎተተ ነበር።

ሻይ ቤቱ ደርሰው ሻዩ ገና እንደቀረበ ኢስሃቅ ጀመረ።

«ራህማ፣ ዛሬ ስለ ጋብቻ አልመጣሁም። ስለ ነፍስሽ ነው።»

«ነፍሴ ምን ሆነች?»

«ቀይ ላይ ናት! ሳይንስ ነው እንጂ እኔ አላልኩም። ቀይ ላይ ያለ ሰው ወደ ቢጫ ይሄዳል። እንደ አጋጣሚ ሆኖ እኔ ቢጫ ላይ ነኝ።»

ጋሽ አሻግሬ ሳቃቸውን በሻዩ ዋጡት። ራህማ ግን ነገሩን ታውቀዋለች፤ ፈንታሁን እሷ ዘንድ ነው ምሳውን የሚበላው፤ ሲበላ ደግሞ ያወራል።

«ያ ሰውዬ ፕሮግራሙ የአፈሩን ዓይነት ገና አያውቅም አላለም? ቤቱ ከምን እንደተሠራም አያውቅም። አዲሱ ሲመጣ ይህን ሁሉ ያውቃል ብሏል።»

«አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ቀይሽ ይብሳል፣ አብሽሪ!»

«እንግዲያው በአዲሱ ይሁን» አለች ራህማ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ። «ቀይ ላይ የወጣ ወደሌላው ይሄዳል። እኔ ከወጣሁ እኔ፣ አንተ ከወጣህ አንተ። በሽማግሌ ፊት ማል።»

«ወላሂ!» አለ ኢስሃቅ፣ ንግግሯ ሳያልቅ።

ሼህ ኑርዬ ጢማቸውን እያሻሹ «አንተ ልጅ፣ እስኪ ትንሽ ተንፍስ» አሉት። አልተነፈሰም። በበነጋታው ማጀት የሚያሰፋለት አናጢ ፈለገ።

ፈንታሁን በዓመቱ ተመለሰ። ኢስሃቅ የአዲሱን ፕሮግራም መምጣት ገበያ መሀል እንደ አዋጅ ነገረ፦ «ስሙ፣ ያልሰማህ ስማ! የድሮው ሲያሰላ ያድራል፣ ይኸኛው አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳትጨርስ ያደርሳል! የድሮው ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ያወቀውን ሁሉ ይረሳል፣ ይኸኛው ካቆመበት ይቀጥላል! የድሮው አንድ ስንጥቅ ብቻ ያውቃል፣ ይኸኛው የአምባሰልን ስንጥቅ ሁሉ አንድ ባንድ ቆጥሯል! አፈሩን ይጠይቃል፣ ግድግዳውን ይጠይቃል!» ሽንኩርት የምትሸጠው ተሾመች «ሚስትስ ያገኛል?» ብትለው፣ «እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ እታለም!» አላት።

ከዚያ አፈር የማየቱ ሥራ ሆነ። ፈንታሁን መሬቱን በትልቅ መዶሻ ይመታና ንዝረቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን በመሣሪያ ይለካል፤ በረጅም መሰርሰሪያም አፈሩን ይወጋል። ራህማ ጓሮ መሰርሰሪያው ክንድ ሳይገባ ቋጥኝ ነካና ጮኸ። የመዶሻው እጀታም ተሰበረ። ኢስሃቅ አዘነላት፤ ከልቡ ነው።

«ምስኪን! አንዲት ጎመን የማይበቅልበት ድንጋይ ላይ ነው እኮ ዕድሜዋን የጨረሰችው።»

እሱ ጓሮ ሲደርሱ መሰርሰሪያው ቅቤ እንደነካ ቢላ ሰመጠ። ጨምረው ቢገፉት ጨምሮ ሰመጠ። የወጣው አፈር ጥቁር፣ እርጥብ፣ ለስላሳ የሐይቅ ጭቃ ነው። ኢስሃቅ በጣቱ እያሸ ጎረቤት ጠራ።

«ኑ እዩ! ይህን የመሰለ አፈር የት አለ? እስቲ ጻፈው አቶ ፈንታሁን፣ እንዳትረሳው!»

«አልረሳውም» አለ ፈንታሁን፣ ፊቱን ወደ ወረቀቱ ደፍቶ።

«ግድግዳውስ? ድንጋይ መሆኑን ጻፍክ?»

«ድንጋይ በጭቃ።»

«አባቴ ነው የሠራው፣ ማሻአላህ! የእሷማ እንጨት በጭቃ ነው፤ ብታስነጥስበት ይወዛወዛል።»

ካርታው የወጣ ቀን አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ሰው የመጣው ለመሬት መንቀጥቀጡ እንዳይመስላችሁ፤ ለኢስሃቅ ጋብቻ ነው። ጓድ ከበደ «ጓዶች፣ ሥነ ሥርዓት!» ቢሉም ራሳቸው ከፊት ወንበር ላይ ተንጠራርተው ነበር። ማተሚያው ጮኸ፤ ፈንታሁን ቀባ። መጀመሪያ ተራራው ሥር ያለውን ጭንጫ ቢጫ አደረገው። ከዚያ ቀይ እርሳሱን አንስቶ ሐይቁ ዳር ሄደ። ቀባ። ደግሞ ቀባ። እርሳሱ ተሰበረበትና ቀርጾ እንደገና ቀባ።

«ይህ ስህተት ነው» አለ ኢስሃቅ በቀስታ።

ፈንታሁን አስረዳ። ስንጥቁ ቅርብ ቢሆንም ቋጥኝ ብዙ አያወዛውዝም፤ የሐይቅ ጭቃ ግን ሳህን ላይ እንዳለ ገንፎ ነው፣ ከሩቅ የመጣውንም ንዝረት አብዝቶ ይንጣል። ድንጋይ በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ሲናወጥ ይናዳል፤ እንጨት በጭቃ የሆነው እየተወዛወዘ ይችለዋል። «እዚያ ያላችሁ ሁሉ ግድግዳችሁን በእንጨት ማሰር አለባችሁ» ብሎ እንዴት እንደሚታሰር በሥዕል አሳየ። ሐይቅ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ከልቡ አዳመጠ፤ ኢስሃቅ ግን የሚያዳምጥበት አቅም አልነበረውም።

ከኋላ ራህማ ተነሳች።

«ኢስሃቄ» አለችው፣ ስኳር እንደምትጨምርለት ቀን ባለ ድምፅ፣ «ጓዝህን መቼ ነው የምትጭነው?»

ሳቁ የአዳራሹን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ኢስሃቅ ወደ ሼህ ኑርዬ ዞረ። «ሼሁ፣ ያን ቀን ምን ብዬ ነበር?»

«ወላሂ ብለሃል።»

ወደ ጋሽ አሻግሬ ዞረ። «እርስዎስ ምን ሰሙ ጋሼ?»

«እኔማ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ወላሂ ሲባል እሰማለሁ።»

ከዚያ የሆነውን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራል። የኢስሃቅ ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ፤ አፉ ጆሮው ድረስ ሄደ። ለካ ይህን ያህል ዘመን በሩን ዘግታበት የኖረችው ቤቷ ናት እንጂ እሷ አይደለችም፤ አሁን ደግሞ ቤቷ ራሷ ና ብላዋለች። ያስቸገረው ኩራቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳይንስ ወሰደለት።

«ሰማችሁ?» አለ ለአዳራሹ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ወንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ገባ እንዳትሉኝ። ከአደጋ ቀጠና የተፈናቀልኩ ዜጋ ነኝ!»

ጓድ ከበደ ራሳቸው መጀመሪያ አጨበጨቡ።

በገበያ ቀን ዕድሜውን የሰው ጓዝ ሲጭን የኖረ ሰው የራሱን ጫነ። ቁርበቱን፣ ሳጥኑን፣ የአባቱን ፋኖስ በቅሎ ላይ አድርጎ ገበያውን መሀል ለመሀል ሲያቋርጥ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ተሾመች በአምባሰል ዜማ አወረደችበት፦

«ካርታ ይዞ ወጥቶ ሊያስነሳት ከቤቷ፣
ጓዙን ጭኖ መጣ ገባ ከመሬቷ!»

«ድገሚው!» አላት ኢስሃቅ። ደገመችው።

በኒካሁ ቀን ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ሩዙ ገና ሳይቀርብ፣ መሬት ነቅነቅ አለች። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲጋፋ ኢስሃቅ የሙሽራ ወንበሩ ላይ እንደተንሰራፋ እጁን ዘረጋ።

«ቁጭ በሉ! ምንም አትሆኑም! ቢጫ ላይ ናችሁ፣ አዲሱ ፕሮግራም ነው ያለው!»

ከውጭ የራህማ ድምፅ መጣ፤ ሙሽራዋ ከሁሉ ቀድማ ወጥታ ኖሯል።

«ቢጫ ማለት ያነሰ ነው እንጂ አይመጣም ማለት አይደለም! ፈንታሁን ነው ያለው! ና ውጣ አንተ ሰው፣ ገና ዛሬ ነው ያገባሁህ!»

ኢስሃቅ ተነሳ። ወጣም። ግን ባዶ እጁን አልወጣም፤ በዕድሜው ያለ ጭነት ተጉዞ አያውቅምና የራህማን የብርጭቆ ትሪ አንዲት ሳይሰብር ተሸክሞ ወጣ። ግድግዳው ተወዛወዘና ቆመ። ራህማ ትሪውን ተቀብላ ብርጭቆዎቹን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። ሰርጉ እዚያው ጭንጫው ላይ፣ በቅሎ በታሰረችበት፣ ደጅ ላይ ቀጠለ።