እስቲ አፏጪ

መርሳ ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ የዳማከሴ ቅጠል በመዳፏ አሽታ ስታስሸትተኝ፣ ሳላስበው ግራ ጉንጬን ዳሰስኩት።

ልጅ ሆኜ ግራና ከተማ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ ዘሃራ ይህንኑ ቅጠል እያሹ ይቀቡኝ ነበር። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ከንፈሬ ላይ ምች ወጣ። ምቹ ሻረ ስንል ደግሞ አንድ ጠዋት የፊቴ ግራ ጎን ወርዶ ተነሳሁ። ዓይኔ አልከደን አለ፤ ውሃ ስጠጣ በአፌ ጥግ ይፈሳል። ጎረቤቶች «እንግዲህ ማን ያገባታል?» ሲሉ ሰማሁ።

ወልድያ ሐኪም ዘንድ ሄድን። «ምቹን ያመጣው ቫይረስ አልፎ አልፎ የፊትን ነርቭ ያሳብጣል፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል» አለና መድኃኒት ሰጠን። «ከንፈሯን አሹላ ማፏጨት የቻለች ዕለት አይስጉ» አላቸው ለእትዬ።

ሴት ልጅ ካፏጨች ሰይጣን ትጠራለች እያሉ ሲቆጡኝ የኖሩት እትዬ፣ በየጠዋቱ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው «ቢስሚላህ በይና እስቲ አፏጪ፣ የኔ እናት» ይሉኝ ጀመር። ነፋስ ብቻ ይወጣል። «ግድ የለም፣ ነገም አለ ኢንሻአላህ።»

አንድ ጠዋት ቀጭን ፉጨት አመለጠኝ። «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ደስ ብሎኝ ደጋገምኩት። «ኧረ በቃሽ! ቤቱን ሰይጣን ልትሞይብኝ ነው?» አሉኝ፣ እያለቀሱ።

ዛሬም ምግብ ሳላምጥ ግራ ዓይኔ ያነባል፤ ነርቩ ሲመለስ መንገድ ስቶ ነው ብለውኛል ሐኪሞች። ሻጯ የሰጠችኝን ብርቱካን ስበላ አይታ «ምነው እህቴ፣ ምን አስለቀሰሽ?» አለችኝ። ልነግራት ስል ሳቄ ቀደመኝ።