ባል የሞተባቸው ሰዎች ረድፍ
በሰደድ እሳት የሞቱት የከተማችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች በሚታሰቡበት ቀን፣ ሰውዬው በየዓመቱ ከሜልበርን በባቡር ይመጣል። ጫማው የተወለወለ ነው፤ የለበሰው የእሳት አጥፊ ቢጫ ጃኬት ግን ከሟቾቹ አንዱ የክላይቭ ስለነበር ሰውነቱ ላይ ይሰፋዋል። የሟቾቹ ሚስቶች ከፊት ሲቀመጡ እሱ ከኋላ ባሕር ዛፉ ሥር ይቆማል። ለጠየቀው ሁሉ «የክላይቭ ጓደኛ ነኝ» ይላል።

ዘንድሮ፣ ባሏ ከክላይቭ ጋር የሞተባት ሜርል ዞር ብላ ጮኸች።

«አንተ! እዚያ ምን ይገትርሃል? ባል የሞተበት ሁሉ እዚህ ነው የሚቀመጠው።»

ሰውዬው ከዛፉ ሥር ፈቀቅ አለ።

«ማንም አልጠራኝም እኮ።»

«እኔንስ ማን ጠራኝ? የኔውም ያንተውም ከእሳቱ ውጡ ሲባሉ የማይሰሙ ግትሮች ነበሩ።»

«የኔው ይብስ ነበር» አለና ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠ።