በሁለቱ ዶቃዎች መካከል

ልጅ ሆኜ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር። የተቋጠረ ካየሁ ፈትቼ፣ የተከደነ ካየሁ ገልጬ ካላየሁት ሆዴን ይበላኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ ሬሳ ብታገኝ ምነው ሞትህ ብላ ትጠይቃለች» እያለች ለጎረቤት ትነግርብኝ ነበር። በዚህ ጠባዬ የተቆነጠጥኩትን ያህል በሌላ ጥፋት አልተቆነጠጥኩም፤ ጠባዩ ግን ከቁንጥጫው በረታ። ዛሬ ዓይኔ ደክሞ ክር በቀዳዳ የምታስገባልኝ የልጅ ልጅ ስጠራ እንኳ፣ እያንዳንዱን ዶቃ ወደ ብርሃን ይዤ ሳላጮልቅበት አልሰካውም። ይህን ያስተማረኝ የእናቴ የአንገት ዶቃ ነው።

ቤታችን ከጋፋት ብዙም የማይርቅ ዳገት ላይ ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦር ሰፍሮ፣ መኪናው በመንገዱ ሲያጉረመርም እስከ እኛ ድረስ በሚሰማበት ጊዜ ነው። ገብስና ጤፍ አርሰን የምናድር ሰዎች ነን፤ ጌጥ የሚባል ነገር ከቤታችን ቢፈለግ የሚገኘው ያ አንድ የአንገት ዶቃ ብቻ ነበር። ቢጫ አለበት፣ ቀይ አለበት፣ ጥቁር ሰማያዊ አለበት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ጠፍጣፋ ነው። አያቴ ከየት ከየት እንዳጠራቀመችው እንጃ፤ በእጇ ደርድራ ዓመታት ራሷ አጥልቃው ኖራ ለእናቴ በሠርጓ ቀን አጥልቃላታለች። አያቴን አላውቃትም፤ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተችው። እናቴ ዶቃውን በሥራም በበዓልም ከአንገቷ አታወልቀውም ነበር።

ለሰው ሁሉ የቤቱ በኩር እኔ ነበርኩ። በዚህም ያለ ልክ እኮራ ነበር፤ ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቼን የማዘውም የምቆጣውም በበኩርነቴ ነው። እንግዳ መጥቶ እናቴን «ይቺ የመጀመሪያሽ ናት?» ካላት፣ እጇን ወደ ዶቃዋ ሰደድ ታደርግና «ትልቋ ይቺ ናት» ትላለች። ሌላውን ሁሉ ስጠይቅ ይህችን መልስ ግን ልብ ብዬ ሰምቻት አላውቅም።

አንድ ረፋድ ገብስ ስናጭድ አውሮፕላን መጣ። በዚያ ሰሞን አርበኞች በእኛ በኩል አልፈው ነበርና እነሱን ፍለጋ ነው አሉ። አባቴ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ጮኸ። እናቴ ሦስታችንንም እየጎተተች ከማሳው ዳር ካለው የቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ተሸጎጠች። አውሮፕላኑ ዞረ ዞረና ምንም ሳይጥል ሄደ። ስንወጣ የቀጋው እሾህ የዶቃውን ክር ይዞ አስቀረው፤ ዶቃው ሁሉ እንደ ተደፋ ሽምብራ በታጨደው ገብስ ገለባ መሐል ተበተነ።

እናቴ ከአውሮፕላኑ ይልቅ በዚህ ደነገጠች። እስኪመሽ ድረስ ተንበርክከን ለቀምን፤ አባቴማ አፈሩን ሳይቀር በወንፊት ነፋልን። ቤት ገብተን ሰፌድ ላይ ስናደርገው እናቴ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «ሁሉም አለ፤ ተመስገን» አለች።

«ታዲያ ነገ እንደርድረዋ» አልኳት።

«እንደ ነበረ ካልሆነ አላጠልቀውም። እናቴ በደረደረችው አኳኋን ነው የምፈልገው።»

«እንዴት ነበር?»

«እኔ እንጃ» አለች።

«በየቀኑ አንገትሽ ላይ እያለ እንዴት አታውቂውም?»

«አንቺ ልጅ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ዓይኔ በምን ያየዋል?»

እውነቷን ነው፤ ከቤታችን መስታወት የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እንደ ወትሮዋ አልሆነችም። ሥራ ስትሠራ በመሐል እጇ ወደ አንገቷ ይሄድና ባዶውን ሲያገኝ ይመለሳል። «አንገቴን በረደኝ» ትላለች፣ በዚያ ፀሐይ። ከእናቷ እጅ የቀራት እሱ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ካልደረስኩላት እንደዚሁ ባዶ አንገቷን መቅረቷ ነው አልኩ።

አውድማው ካለቀ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ሰፌዱን መካከላችን አድርገን እንቀመጥ ጀመር። እሷ ጥጥ ትፈትልና ክሩን በሰም ታሸዋለች፤ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጥ ሲልላት ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ እሰካለሁ። እሷ አንገቷ ላይ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትዳብሰዋለች። «አይደለም» ትላለች፤ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ ስጣደፍ ሰፌዱን ገለበጥኩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝና አብራኝ ስትለቅም ዋለች። አባቴ ከብቶቹን አስገብቶ ሲመጣ «የሰው ቤት ገብስ ያበጥራል፣ የእኔ ቤት ዶቃ ያበጥራል» ይለናል።

ነገሩ ለእናቴ ጭንቅ ቢሆንም ሥራው ግን ደስ ይል ነበር። እጅ ዶቃ ሲይዝ ጆሮ መኪናውን ይረሳል፤ ትንፋሽም ራሱ ቀስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ስታይ የምትውለው እናቴ፣ ሰፌዱ ፊት ስትቀመጥ ትከሻዋ ዝቅ ሲል አያለሁ። ለቤት ሥራ ተጠርቼ እንዳልነሣ እጸልይ ነበር።

አንድ ቀን፣ ይህ ቀዳዳ በምን ተበሳ እያልኩ ትልቁን ቢጫ ዶቃ ወደ ፀሐይ ይዤ ሳጮልቅ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ የተፋቀ ምልክት አየሁ። ገልብጬ ሳየው በሌላው ጎኑም አለ፤ ያኛው ግን ሰፋ ይላል። ትንሿን ቀይ ዶቃ አነሣሁና ከጠባቡ ምልክት ጋር አገጠምኳት፤ ቁጭ አለች። ከሰፊው ጋር ሳደርጋት ትወላገዳለች።

«እማ! ዶቃዎቹ ጎረቤታቸውን ያውቃሉ!»

«ምን ትላለች ይቺ?»

አሳየኋት። ስንት ዓመት ሙሉ አንገቷ ላይ ሲፋተጉ ኖረው አንዱ አንዱን ቦርቡሮታል፤ ማን ከማን አጠገብ እንደ ኖረ ከገላቸው ላይ ይታያል። እናቴ ተቀብላኝ ምልክቱን በጥፍሯ ዳሰሰችና «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ! አንዱን ከአንዱ እያጋጠምኩ፣ አልሆን ሲለኝ እያዞርኩ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስረዝመዋለሁ። እናቴም ዓይኗን ጨፍና ትዳብስና «አዎ፤ አዎ፤ ይሄ ነው» ትላለች። ፊቷ ሲፈካ ሳይ ዓለም የእኔ ትመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ዶቃዎች ቀሩ። እነዚህን እናቴ ራሷ አነሣቻቸው። «እነዚህ ከመካከል ናቸው፤ ጎን ለጎን። እነዚህንስ አውቃቸዋለሁ» አለች።

ተቀብዬ አየኋቸው። እርስ በርሳቸው የሚገጥሙበት ትንሽ ምልክት አለ፤ በዚህ እናቴ ልክ ናት። ግን በእሱ ዙሪያ ሌላ፣ የቆየ፣ ጠለቅ ያለና ሰፊ ቀለበት አለ። እሱን ደግሞ ካለን ዶቃ ሁሉ ጋር ባገጥመው ከአንዱም ጋር አልገጠመም።

«እማ፣ በእነዚህ መካከል ሌላ ዶቃ ነበረ። ትልቅ ዶቃ።»

«ጎን ለጎን ናቸው አልኩሽ እኮ።»

«ጎን ለጎን የሆኑት ኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን...»

«ዝም በይ!»

በጥያቄዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥታኛለች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼባት አላውቅም። ሰፌዱን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

እኔ የመሰለኝ፣ ትልቁ ዶቃ ማሳው ውስጥ ቀርቶ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ነው። በማግስቱ ከቀጋው ሥር ሄጄ እንደ ዶሮ ጫርኩ። ያገኘሁት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የድንጋይ ስባሪ ብቻ ነው፤ አባቴ አይቶ «ይሄማ የጋፋት ነው፤ ድሮ ብረት ሲያቀልጡ የተረፈ» አለኝ። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «ተዪው፤ እዚያ የለም» አለችኝ። እዚያ እንደሌለ በምን አወቅሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

በገበያ ቀን ደብረ ታቦር ይዛኝ ወጣች። እሷ ጨው ልትገዛ ስትሄድ፣ ዶቃ ከሚሸጡ አንዲት እስላም እናት ዘንድ አስቀምጣኝ ሄደች። ባለቤታቸው በይፋግ በኩል በበቅሎ ጭነው የሚያመጡላቸውን ዶቃ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ይሸጡ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ቀዳዳው በምን ተበሳ?» አልኳቸው፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ዶቃውን ነው፤ ቀዳዳውን እንዲያው ነው የምሰጠው» ብለው ሳቁ።

ደግ መሆናቸውን ሳይ የዶቃችንን ነገር ሁሉ ዘከዘክሁላቸው። ስለ ሰፊው ቀለበት ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ከምንጣፉ ላይ አንድ ትልቅ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ቢጫ ዶቃ አነሡ። «እንዲህ ያለ ነው የነበረው። እንኪ፣ ለእናትሽ ከእኔ ይሁን፤ ጌጥ ጎዶሎ ሲሆን ደስ አይልም። በኩሯ ነሽ?»

«አዎ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በማግስቱ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ዶቃውን ከዳር እስከ ዳር ሰካሁት። ከመካከሉ፣ በሁለቱ ሰማያዊ መሐል፣ አዲሱን ቢጫ አስገባሁ። ሰፊው ቀለበት ላይ ልክክ አለ። ከሰፌዱ ላይ አጋድሜው ልትስመኝ ስትመጣ እያሰብኩ ጠበቅኋት። መጣች፤ እንስራዋን አወረደች፤ አነሣችው። ጣቷ እየዳበሰ እየዳበሰ መካከሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አውጪው» አለችኝ።

«ለምን? ገጥሟል እኮ!»

«አውጪው፣ ልጄ። ቦታዋን አትሙይባት።»

«የማንን?»

መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ስም አልወጣላትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥም አልተቀበረችም። «ሊወስዷት ሲሉ አንገቷን አየሁት» አለችኝ እናቴ። «ማተብ የለውም። ላስርላት አይፈቀድልኝም፤ ባዶ አንገቷን ደግሞ እንዴት ልስደዳት? የእናቴን ዶቃ በጠስኩና መካከለኛውን፣ ትልቁን፣ በክር አንገቷ ላይ አሰርኩላት።» አያቴም የቀረውን ከመሬት ሰብስባ፣ ሁለቱን ሰማያዊ አጠጋግታ፣ በዚያው ዕለት እንደገና ደርድራ አጠለቀችላት። እናቴ «እንደ ነበረ» ስትል የፈለገችው ይህን አደራደር ነበር። እጇ የሚሄደውም ወደዚያች መጋጠሚያ ነበር።

«ክርስትና ላልተነሣች ልጅ አይለቀስም አሉኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። «አንቺ ዶቃ አይተሽ ደረስሽባት።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። በኩርነቴን የወሰደብኝ ሰው መጣ። ግን ጠባዬ ጠባይ ነውና ቅናቱ ብዙ ሳይቆይ ጥያቄ ሆነ።

«ምን ትመስል ነበር?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ጠጉራም ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «ጥቁር፣ ዞማ ጠጉር። ስትጠባ ጣቴን ይዛ ነው።» እኔ እጠይቃለሁ፤ እሷ ትመልሳለች። እያለቀሰች ትስቃለች። አባቴ ከውጭ ማጭዱን ሲሞርድ እንሰማው ነበር፤ ሙረዳው ቆመ። ገባና ከደፉ ላይ ተቀምጦ «ስትስቅ አንድ ጉንጯ ይሰረጉድ ነበር፤ የግራው» አለ። እናቴ ዞራ አየችው። እሱም አልረሳትም ነበር።

ቢጫውን ዶቃ አወጣሁት። ሁለቱን ሰማያዊ መልሼ ላጠጋጋ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

«እማ፣ ባዶውን ብንተውላትስ?»

አልገባትም። የመጀመሪያውን ቋጥሬ ቀሪውን በጣቴ አሳየኋት፤ ከሰማያዊው ቀጥሎ አንድ ቋጠሮ፣ ከዚያ የአንድ ትልቅ ዶቃ ወርድ ያህል ባዶ ክር፣ ከዚያ ሌላ ቋጠሮ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሰማያዊ። ሁለተኛውን ቋጠሮ ራሷ ቋጠረችው። አባቴ አንገቷ ላይ አሰረላት።

በሚቀጥለው ገበያ የሰጡኝን ዶቃ ልመልስላቸው ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ሴትዮዋ ዶቃውን ተቀብለው የእናቴን አንገት አዩና «ውይ ልጄ፣ ከመካከሉ ወድቆብሻል፤ ክሩ ይታያል» አሏት።

እናቴ ጣቷን ከባዶው ክር ላይ አሳረፈች። «አልወደቀም፣ እትዬ። የሰው ቦታ ነው» አለቻቸው።

ሴትዮዋ አልገባቸውም፤ ግን አልጨቀጨቁም። ወሬ ለመለወጥ ብለው ወደ እኔ ዞሩና «ይቺ በኩርሽ ግን ጥያቄዋ ጉድ ነው! ነግራኛለች በኩር መሆኗን» አሉ።

እናቴ አየችኝ። አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«አይ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሁለተኛዋ ነኝ።»