ሁለት ጥቁር ከቨሮች

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ሰዎች ስለ ስልክ ከቨር ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዱ ያለ ከቨርና ያለ ስክሪን ፕሮቴክተር ስልክ መያዝ እብደት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ቆንጆ ስልክ ገዝቶ በላስቲክ መሸፈን ምን ይሉታል ይላል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው የምናገረው አጥቼ አይደለም። ከቨር ሲባል መልኩን የማላውቀው የአንድ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ስለሚመጣ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ሲሆን ጅማ የመጣሁት በትዳር ነው። ቦሳ ኪቶ ሰፈር እየኖርኩ የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ። የመጀመሪያው ስማርት ስልኬ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ ወድቆ ስክሪኑ ደቀቀ። ሁለተኛውን ስገዛ ባለቤቴ በዚያው ቀን ወስዶ ፕሮቴክተር አስለጠፈበት፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥቁር ከቨርም አለበሰው። እውነቱን ለመናገር ከቨሩ ጠቅሞኛል። ስንት ጊዜ ከእጄ አምልጦ ወድቆ ምንም ሳይሆን ቀርቷል።

በዚያ ሰሞን የጅማ ዞን ከተማ በሆነችው ሸቤ ለምትገኝ አንዲት ሙሽራና ለሚዜዎቿ የሰፋሁትን ልብስ ላደርስ ሄድኩ። ልብሱን አስለክቼ፣ ትንሽ የጠበበውን አስፍቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ስልኬ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ ስለነበር መናኸሪያው አጠገብ ወደሚገኝ ሻይ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ውሎ ገና መምጣቱ ነበር፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደዚያ መጥቷል። ባንኮኒው ላይ በተዘረጋው የመብራት ማከፋፈያ ላይ ስልኮች ተደርድረው ይሞላሉ። እኔም የኔን ሰካሁና ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ እናት ተቀምጠው ነበር። ስማቸውን የሻይ ቤቷ ባለቤት ስትጠራቸው ሰማሁ፤ አዴ ራሂማ ትላቸዋለች፤ እማማ እንደማለት ነው። ዓይናቸው ከባንኮኒው አይነቀልም። የኔ ኦሮምኛ ከገበያ ኦሮምኛ አያልፍም፤ የእሳቸው አማርኛም እንደዚያው ነው። ቢሆንም እያደባለቅን ተግባባን። ቤታቸው ከሸቤ ወጣ ያለ ገጠር ነው። መብራት ስለሌለ ስልካቸውን ለመሙላት በእግር ይመጣሉ። ነዚፍ የሚባል ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዷል። ከረመዳን ጾም በፊት ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስልካቸው ተዘግቶ ሳለ ቢደውልስ ብለው ስለሚሰጉ ባትሪው ግማሽ ሳይደርስ መጥተው ይሞላሉ። «አላህ ያውቃል» አሉ። እኔም እግዚአብሔር ያሰማዎት አልኳቸው።

ወዲያው ከውጭ የጅማው መኪና ረዳት አንድ ሰው ብቻ ቀረ እያለ መጣራት ጀመረ። ሂሳቤን ከፍዬ፣ ጥቁር ከቨር ያለውን ስልክ ነቅዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሮጥኩ።

መንገድ ላይ ያለችው ሰቃ ከተማ ልንደርስ ስንል ቦርሳዬ ውስጥ መንዙማ ተሰማ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ስልክ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የኔ ሲጠራ መዝሙር ነው የሚያሰማው። አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበርና፣ ስልክሽ እየጠራ ነው አሉኝ። አውጥቼ ከቨሩን ስከፍት ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ሕፃን ፎቶ ነበር። የሚጠራው ቁጥር ረጅም ነው፤ የውጭ አገር ነው።

የማን ስልክ እንደያዝኩ ገባኝ፤ የሚደውለው ማን ሊሆን እንደሚችልም ገባኝ። የሰው ስልክ ማንሳት ነውር ነው ብዬ ሳመነታ ተቋረጠ። ወዲያው ደግሞ መልሶ ጠራ። አነሳሁት።

«አዮ?» አለ አንድ ወጣት። አዮ እናቴ ማለት ነው።

በተሰባበረ ኦሮምኛዬ እናቱ እንዳልሆንኩ ነገርኩት። ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስልክ ተቀያይሮብን ነው፣ እናትህ ሸቤ ናቸው ለማለት ሞከርኩ፤ ግን እንደፈለግሁት አልወጣልኝም። እሱ አነጋገሬን ሰምቶ ወደ አማርኛ ዞረ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«እናቴ ሞታለች እንዴ?»

አልሞቱም አልኩት። አሁን አብረን ሻይ ጠጥተን ተለያየን አልኩት። ስልካቸውና ስልኬ አንድ ዓይነት ነው፣ ከቨራቸውም ከቨሬም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፣ ቸኩዬ የሳቸውን አንስቼ መጣሁ አልኩት። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ቢጫ ሻሽ አድርገዋል፣ ደህና ናቸው፣ አንተን ነው የሚጠብቁት እያልኩ ሳብራራ ልጁ አቋረጠኝ።

«እናቴ ስልኳን ለማንም አትሰጥም» አለኝ። «እህቴ፣ ግድ የለም፤ ንገሪኝ። መርዶ እንዲህ ተብሎ እንደሚደበቅ አውቃለሁ።»

የማላውቀው ሰው እናቱን አጣሁ ብሎ እያሰበ ነው፤ እኔ እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ደግሞ መርዶ ደባቂ መሰልኩት። በኔ ቁጥር ደውል፣ ስልኬ ያለው እሳቸው ጋ ነው ብዬ ቁጥሬን ልነግረው ስጀምር አልሰማኝም። አጠገብሽ የሚጸልይ ሙስሊም ካለ ስጪኝና ይማልልኝ አለ። ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው ነገሩን ከኔ አፍ ሲሰሙ ቆይተዋል፤ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አነጋገሩት። ልጁ ወላሂ በሉልኝ ሲላቸው ግን ወደኔ ዞረው አዩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ይቺ ሴት የምትዋሽ አትመስለኝም። እናትህን ግን እኔ በዓይኔ አላየኋትም። ባላየሁት አልምልም።»

ከወዲያ ልቅሶ ተሰማ። ከዚያም መስመሩ ተቋረጠ።

ለጊዜው ሽማግሌውን ተቀየምኳቸው። አንዲት ቃል ቢሉለት ምን ነበረበት አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ወዲያው የራሳቸውን ትንሽ ስልክ አውጥተው ሰጡኝና ወደ ቁጥርሽ ደውዪ አሉኝ። ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። በአዴ ራሂማ ስልክ መልሼ ለልጁ እንዳልደውል በፓተርን ተቆልፏል። ሽማግሌው ቁጥሬን እየደጋገሙ እንደሚሞክሩ ነገሩኝና ሹፌሩን አስቆሙልኝ። ወርጄ ወደ ሸቤ የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ።

ደግነቱ ብዙም አልቆምኩ። ቡና አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አገኘሁ። በመንገዱ ሁሉ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ተጉዣለሁ። መልሶ ቢደውል ምን እንደምለው አስባለሁ፤ አንድም የሚታመን ቃል አይመጣልኝም። እሱ ግን አልደወለም።

አዴ ራሂማ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስልኬን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። እኔ ከሄድኩ በኋላ መዝሙር ሲያሰማ ነው የሌላ ሰው ስልክ መሆኑን ያወቁት። ከዚያ ወዲህ ካሉበት አልተነቃነቁም። ሲጠራ ለምን እንዳላነሱት ስጠይቃቸው አዘኑብኝ።

«የሰው አማና፣ የሰው አደራ እንዴት ብዬ እከፍታለሁ ልጄ?»

ነዚፍ እንደደወለ ነገርኳቸው። ሞተዋል ብሎ እንዳለቀሰ ግን ወዲያው መናገር አልቻልኩም። መደወሉን ብቻ ሰምተው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ስልካቸውን ከፈቱልኝ። ካርድ ስላልነበራቸው ቁጥሩን አይቼ በኔ ስልክ ደወልኩ። አንድ የማላውቀው ሰው በዓረብኛ አነሳ። የምናውቀው አንድ ቃል ነው። «ነዚፍ፣ ነዚፍ» አልነው። ሰውየው የሆነ ነገር ተናገረና ስልኩ ክፍት እንደሆነ ዝም አለ። የሚራመድ ሰው ኮቴ ይሰማል። የፍየል ድምፅም ሰማን። አዴ ራሂማ ስልኩን ያዩታል።

ከዚያ የልጁ ድምፅ መጣ።

«አኒ፣ አዮ ኬቲ» አሉት። እኔ ነኝ፣ እናትህ ማለታቸው ነው።

ልጁ ያለቀሰው አለቃቀስ ባንኮኒው ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው አላለቀሱም። እስኪያባራለት ጠበቁት። ከዚያ ዛሬ ምን እንደበላ ጠየቁት። የጠየቁት ይህን ነው። እሱም ሊመልስላቸው ሲጀምር ድምፁ እየተረጋጋ መጣ።

ለካ ስልኩ ተሰርቆበት፣ ከከተማ ርቆ ፍየል እየጠበቀ ነው የከረመው። የደወለው አብሮት በሚሠራ ሰው ስልክ ነበር። ብዙ አወሩ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ለኔ እንዲሰጡኝ ለመናቸው።

ይቅርታ ጠየቀኝ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ደህና ነው፣ ማሳ ሄዷል፣ ተኝቷል እያሉ ብዙ ወር አቆይተውኛል» አለኝ። «ሰላምታ ስልክለት ነበር። አንቺም እንደነሱ መስለሽኝ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ አዴ ራሂማ ምን እንዳለኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «የአባቱን ሞት ደብቁት ያልኩት እኔ ነበርኩ» አሉ። በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰበር ብለው እንዲህ እንዳደረጉ፣ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሲደውል ሁሉንም አንድ በአንድ ካላነጋገረ እንደማይዘጋ ነገሩኝ። ይህን ሲነግሩኝ ነው የመጀመሪያዋ እንባ የወረደችው።

ያን ቀን ጅማ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። ባለቤቴ ነገሩን ሰምቶ በሚቀጥለው ቀን ከቨሩን ራሱ አወለቀው። ነገር ግን ሳምንትም ሳይቆይ ስልኩ ወድቆ ጠርዙ ተላጠ፤ ፕሮቴክተሩም ተሰነጠቀ፤ የውስጡ ስክሪን ግን ተረፈ። አሁን ሌላ ከቨር አድርጌለታለሁ። ከልብስ የተረፈች ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ጀርባው ላይ ለጥፌበታለሁ። ስለዚህ ስልክ ከቨር ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያስፈልገዋል እላለሁ። ግን ስልክ ሲሸፈን ከሌላው ጋር እንደሚመሳሰል፣ ውስጡ ያለው ግን የአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አትርሱ።

አዴ ራሂማ ለሐሙስ ገበያ ጅማ ሲመጡ ስፌት ቤቴ ጎራ ይላሉ። ነዚፍ ሌላ ስልክ ገዝቷል፤ ቶሎ ቶሎ ይደውላል። ገና አልተመለሰም። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ያን ጊዜ ብቀየማቸውም ዛሬ ሳስበው ልክ ነበሩ። ያልሆነውን ሆነ የሚሉ ሰዎች ናቸው ልጁን ለዚያ ያበቁት።

እኔም ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ታናሽ ወንድም አለኝ። እናታችን ሆሳዕና ናት፤ ስኳር አለባት። ከሸቤ በተመለስኩ ሰሞን ደወልኩለትና የሆነውን ሁሉ አጫወትኩት። ከዚያም አንድ ነገር ቃል ገባሁለት። ደህና ናት ካልኩህ ደህና ናት ማለት ነው፤ ከታመመችም ታማለች እልሃለሁ፤ ከዚያ የባሰ ቢመጣም ከኔ አፍ ትሰማለህ አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

«አለሁ» አለኝ። «አሁን እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት።

«እሺ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።