ያልዳሰሳቸው ፈረሶች

ኮርቻ ሠሪው ይስማው በቀን ያልማል። ደምበጫ ገበያ አጠገብ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠፍር እየሰፋ ድንገት እጁ ይቆማል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፣ እሱ ግን የለም። “ምን አየህ?” ስንለው “አንድ ዳማ ፈረስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር” ይላል። እኛ ጎረቤቶቹ እንስቃለን።

ድሮ ፈረሱ ራሱ ይመጣ ነበር። ይስማው ጀርባውን በመዳፉ ዳስሶ ነው እንጨቱን የሚጠርበው። ባጃጅ ሲበዛ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ያን ጊዜ ልጁ ሶልያና ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተችለት። ከየአገሩ የፈረስ ፎቶ ጎረፈ። ፎቶውን አይቶ ይሠራል፣ ኮርቻው በሚኒባስ ጣሪያ ይሄዳል፣ “እጅህ ይባረክ” የሚል መልእክት ይመጣል። ሁለት ሠራተኛ ቀጠረ። እኔም ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ። የፎቶዎቹ ፈረሶች ግን በሰመመኑ ሲመጡ ፊታቸውን ብቻ ነበር የሚያሳዩት።

አንድ ቀን ሮብ ገበያ የሚኖሩት ጋሼ ፈንታ፣ ባለፈው ክረምት ኮርቻ የወሰዱት፣ ሌላ አዘዙ። በላኩት ፎቶ ላይ ፈረሱ ባጌጠ ግላስ ከአንገት እስከ ጅራቱ ተሸፍኗል። ይስማው ደወለ።

“ጋሼ፣ ግላሱን አንሥተው ጀርባውን ያሳዩኝ።”

“ምነው ልጄ፣ ፈረስ ራቁቱን ለሰው ይታያል?”

“የመጀመሪያው ኮርቻ ምን ሆነ?”

“ኧረ ምንም። ብቻ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ።”

እኛ አገር ሰው እንዲህ ካለህ ጣጣ አለ ማለት ነው። ይስማው ለምኖ ለምኖ ፎቶው መጣ። ከትከሻው በታች፣ በግራም በቀኝም፣ የተላጠ ቁስል። ገጣባ። የይስማው ኮርቻ ነው የበላው።

“ስለምን አልነገሩኝም?”

“እንጀራህን ልዝጋ እንዴ?”

ይስማው አለቀሰ። “እጅህ ይባረክ” ያሉት ሌሎቹስ? ፎቶውን ቻናሉ ላይ ልለጥፈው ሲል ሶልያና እጁን ያዘችው።

“አባዬ፣ ይህን ለጠፍን ማለት እኮ ዘጋን ማለት ነው። ሠራተኞቹስ?”

“ፈረሱ አፍ የለው፣ ባለቤቱ ይሉኝታ ይዞታል። ማን ይንገረኝ ታዲያ?”

ለጠፈው። “ይህን ያቆሰልሁ እኔ ይስማው ነኝ። ኮርቻዬ የጎዳው ፈረስ ካለ ግላሱን አንሥታችሁ አሳዩኝ፤ በነጻ እንደገና እሠራለሁ። ከእንግዲህ ለስላሳ ሽቦ ፈረሱ ጀርባ ላይ አጉብጣችሁ፣ ቅርጹን ከነልኩ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ካልላካችሁልኝ አልሠራም።”

አራት ቀን አንድም ፎቶ አልመጣም። አዲስ ትእዛዝም ቆመ። ሠራተኞቹ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ፤ ይስማው ማለሙን እንኳ ተወ። አንጀቴን በላው፣ እውነቴን ነው።

በአምስተኛው ቀን አንድ ፎቶ መጣ፤ የተገለጠ ጀርባ፣ የተላጠ። ሳይቆይ ሌላ። ሲመሽ ፎቶዎቹ ሰባት ደረሱ። ሰባተኛውን የላከችው የዲማዋ ማንጠግቦሽ ናት። ከቁስሉ ፎቶ ቀጥሎ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ከነልኩ የተሣለ የጎበጠ የጀርባ መስመር ነበረ፤ ሥሩ ላይም እንዲህ ተጽፏል፦

“እንዳናስቀይምህ ብለን እኮ ነው። አንተ ሠርተህ እስክትልክ እኛ በእግራችን እንሄዳለን።”