የሸማኔ ልጅ ቅናት

ዛሬ በማላውቃት ሴት ቀናሁ።

ልጄ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ውጭ አገር በምንኖርበት ሰፈር በሼፈርድስ ቡሽ፣ ሽመና ልታስተምር ከአሜሪካ የመጣች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከናቫሆዎች የተወለደች ሸማኔ ናት። ወላጆችም ተጋብዘን ነበር። ክር ሳትነካ መጀመሪያ የእናቷንና የአባቷን ጎሳ ጠራች። "ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት" አለች፣ ኮራ ብላ።

እኔም የሸማኔ ልጅ ነኝ። ለአባቴ ማግ እያጠነጠንኩ ነው ያደግኩት። አገር ቤት ሰፈር ውስጥ በሙያው ስንሰደብበት ስለኖርን ግን ለልጄ "አያትሽ ነጋዴ ነበሩ" ነው ያልኳት።

(የሸመኑትን ይሸጡ ስለነበር ሙሉ ውሸት አይደለም።)

ልጄ የሸመነቻትን ቁራጭ ይዛ መጣች። "ማሚ፣ እኛ ቤት ይሄን የሚችል ሰው ነበር?"

"አያትሽ" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እሷ ግን ዞር ብላ የአያቷን ሙያ ለክፍሉ በሙሉ ጮክ ብላ ተናገረች።

አሁን በልጄም ቀናሁ።

እናንተስ፣ ከልጆቻችሁ የደበቃችሁት የወላጅ ሙያ አለ? እስቲ ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።